እኔ ደርሻለሁ

አባቴ ይህን ቃል የተናገሩት በጥቅምት 2012 ዓ.ም.፣ በወንጪ ተራራ አፋፍ ላይ ቆመን ሐይቁን ቁልቁል እያየን፣ እኔም ደብተሬን ገልጬ የቀኑን ውሎ እያነበብኩላቸው ሳለ ነበር። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ደርሻለሁ» አሉ። ከዚያም ጋቢያቸውን አጣፍተው ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት የኮሶ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጠብ አልነበረም፤ ሕመምም አልነበረም። ሆኖም ያቺ አጭር ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ሥራ ላይ ሳለሁ ትመጣለች፤ ልጆቼን ለትምህርት ቤት ሳሰናዳ ትመጣለች፤ ስለ ዕረፍት ማሰብ በጀመርኩ ቁጥር ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች።

ዘንድሮ ያንኑ ጉዞ ልንደግመው አስበናል። ስልክ ቁጥርና የዋጋ ማስታወሻ አገኝበት እንደሆነ ብዬ የያኔውን ደብተር ከመሳቢያ አውጥቼ ሳገላብጥ፣ በሰዓት በሰዓት ተሸንሽኖ የተጻፈውን ፕሮግራም አየሁት። በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ነገር ደርድሬያለሁ። የእያንዳንዱ መጀመሪያና ማብቂያ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ሠንጠረዥ መሥራት አይከብደኝም፤ እንዲያውም ልቤ የሚረጋጋው ነገሮች በመስመር በመስመር ሲቀመጡልኝ ነው። ይሁንና ያንን ገጽ ሳነብ የተሰማኝ እርጋታ አልነበረም። ጉዞው የታሰበው ለአባቴ ዕረፍት ነበር፤ በገጹ ላይ ግን አባቴ የሚቀመጡበት አንድም ሰዓት አልነበረም።

ደብተሩ

የምንኖረው የጅማ መንገድ አዲስ አበባን ለቆ በሚወጣበት በኩል፣ ዓለም ገና ነው። ከበራችን ላይ ሆኖ ቀና ላለ ሰው የወጨጫ ተራራ ከነደኑ ይታያል። አባቴ ከእናቴ ጋር እዚህ ቤት ሲገቡ ዙሪያው የጤፍ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ከፋብሪካ አጥርና ከፎቅ ቤት መካከል ተራራው በክፍተት ነው የሚታየው። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ወደዚያ ማየት ልማዳቸው ነው።

አባቴ የተሳቢ ሹፌር ነበሩ። የአሰብ መንገድ በጦርነቱ ምክንያት እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ወደብና መሀል አገር ሲመላለሱ ኖረዋል። እናቴ ስትታመም ጡረታ ከወጡ ቆይተው ነበርና አልጋዋ አጠገብ ሆነው ያስታመሟት እርሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ተነሥተው አገላብጠዋታል፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ አውጥተዋል፤ ገንፎዋን ራሳቸው አገንፍተው በማንኪያ አጉርሰዋታል። እናቴ በየካቲት አረፈች። ከዚያ በኋላ ቤታችን በሰው ተሞላ፤ እድርተኛው፣ ዘመዱ፣ የድሮ ሹፌር ጓደኞቻቸው ተራ በተራ እየመጡ አጽናኑ። አርባው ወጣ፤ ሰማንያው ወጣ። ሰዉ ወደየቤቱ ሲመለስ አባቴ በረንዳቸው ላይ ቀሩ።

እኔን ያስፈራኝ ያ በረንዳ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ጠዋት በተውኳቸው ቦታ አገኛቸዋለሁ። «ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ስላቸው «ተቀምጬ» ይላሉ። ያቺ መልስ ትጨንቀኝ ነበር። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሐሳብ ይዞት ይሄዳል ብዬ አምን ስለነበር የምችለውን ሁሉ አደረግሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ላክሁባቸው፣ ሬዲዮ ገዛሁላቸው፣ የዘመድ ሠርግ አንድም እንዳያመልጣቸው አደረግሁ። የዕረፍት ጉዞው ሐሳብም የመጣው ከዚያው ፍርሃት ነው። ራቅ ወዳለ፣ ደንና ውኃ ወዳለበት ስፍራ ወስጄ ላዝናናቸው አሰብኩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ግን ያቀድኩት አባቴ ምንም የሚያስቡበት ጊዜ እንዳያገኙ ነበር።

የት እንሂድ የሚለው ብዙ አላከራከረንም። ባለቤቴ በመጀመሪያ ያነሣው ቢሾፍቱን ነበር። እውነትም ለአዲስ አበባ ሰው ከእርሷ የሚቀርብ የሐይቅ አገር የለም፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ሆራንና ባቦጋያን የመሳሰሉ፣ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጎድጓዶች ውስጥ የተኙ ሐይቆች አሉ። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ሙዚቃውና ሠርገኛው ብዙ ነው፤ ደኑ ደግሞ ከሐይቆቹ ዳር ብዙም የለም። ላንጋኖን ሳነሣ አባቴ ራሳቸው ቆረጡት። «ሙቀት ከሆነ ሚሌና ሎጊያ ላይ ጨርሼዋለሁ» አሉኝ። ወንጪ የተመረጠው እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ጽዱ፣ ኮሶውና አስታው ከሐይቁ በላይ ያለውን ገደል ይዞታል፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ላይ መንገዱ በእኛው በር ነው የሚያልፈው፦ ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ተፍኪ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፎ ሽቅብ።

ከዚህ በኋላ ያለው በደብተሩ ላይ ሰፍሯል። በ12 ሰዓት መነሣት። በ1፡30 ቱሉ ቦሎ ላይ ቁርስ። በ4፡30 አፋፉ ላይ ደርሶ ፈረስ መከራየት። በ5፡30 ሐይቁ ዳር። በ6 ሰዓት ጀልባ። በ7 ሰዓት በደሴቲቱ ላይ ያለውን የወንጪ ቂርቆስን መሳለም። በ8 ምሳ፤ በ9 ፍል ውኃው፤ በ10፡30 ሽቅብ መመለስ፤ በ12 ወሊሶ ላይ ሆቴል መግባት። ማግስቱም እንደዚሁ የታጨቀ ነበር። አባቴን ግን አንድም ጊዜ «ምን ደክሞዎታል?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። የጠየቅኋቸው ፈረስ ይሻልዎታል ወይስ በቅሎ የሚለውን ብቻ ነው።

አፋፉ ላይ

የበቾን ሜዳ በጥቅምት ማለዳ ያላየ ሰው መንገዱ ራሱ ምን ያህል የሚያሳርፍ እንደሆነ አያውቅም። ጤፉ ገና አልታጨደም፤ ጠል ይዞ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ተፍኪ አጠገብ የክረምቱ ውኃ ገና ስላልሸሸ ወፎቹ በእግራቸው ይራመዱበታል። አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ባለቤቴ ማርሽ በለወጠ ቁጥር እግራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ቦታ ላይ «እስኪ አቁምልኝ፤ ትንሽ እንየው» አሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሰዓቴን አየሁና «አባባ፣ ስንመለስ እናየዋለን» አልኳቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌያለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ትዝ አላለኝም።

ከወሊሶ በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ነበር። ወንጪ ገና የዛሬውን መልክ አልያዘም። እንሰቱ በየጓሮው እየበዛ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ልጆቹ ጆሯቸው እየተደፈነ ሄደን አፋፉ ላይ ስንደርስ 4 ሰዓት ከ50 ሆኖ ነበር። ሃያ ደቂቃ ዘግይተናል። ይህን ማስታወሴ ራሱ ያሳዝነኛል፤ ከፊታችን የተዘረጋውን ነገር ከማየቴ በፊት ያየሁት ሰዓቴን ነበርና።

ያንን ቦታ ለሚያውቁት መግለጽ አያስፈልግም። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ከዚያ መሀሉ ድንገት ይጎድላል፤ ከታች ሐይቁ፣ ሐይቁ ውስጥ ደሴቲቱ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተሸፈነ ግድግዳ፣ በግድግዳው መካከል ደግሞ የሰው ጎጆና የገብስ ማሳ። የመንደሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስና መሪ በተራ ያቀርቡ ነበርና ተረኞቹ ከበቡን። አንድ ወጣት አባቴን አይቶ ቀረብ አለና «አባቴ፣ ጸጥ ያለች በቅሎ አለችኝ፤ ላምጣልዎ?» አላቸው።

አባቴ አልመለሱለትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቁልቁል ያያሉ። እኔ ደብተሬን ገልጬ፣ «አሁን በፈረስ እንወርዳለን፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ቂርቆስ፤ ከዚያ ምሳ፤ ከዚያ...» እያልኩ ሳለሁ ነው ያንን ያሉት።

«እናንተ ሂዱ፤ እኔ ደርሻለሁ።»

«አባባ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው እኮ ሐይቁን ለማየት ነው።»

«ይኸው ይታያል።»

«ብቻዎን ምን ይሠራሉ?»

«እቀመጣለሁ።»

ያቺ በረንዳ ላይ የሸሸኋት መልስ 150 ኪሎ ሜትር ተከትላኝ መጣች። ደሜ ፈላ ማለት እችላለሁ። የተቆጣሁት በአባቴ ላይ ይሁን በራሴ ወይም በሞተችው እናቴ ላይ ይሁን ለይቼ አላውቅም። «ብርድ ነው፤ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አልኩ። አባቴ ጋቢያቸውን አሳዩኝ። «ጉልበትዎን ካመመዎት እኮ በቅሎዋ...» አልኩ። «ጉልበቴስ ደኅና ነው» አሉና ወደ ኮሶዋ ሄደው ተቀመጡ። ቀላ ያለው አበባዋ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ከራሳቸው በላይ ተንዠርግጓል። ወጣቱ ባለ በቅሎ ድንጋይ አምጥቶ ከእግራቸው ሥር አደላደለላቸውና ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ እኛ አለን፤ ሂዱ» አለኝ። ባለቤቴም በዓይኑ «ተይ» አለኝ። ልጆቹ ፈረስ ላይ ወጥተዋል። ወረድን።

ጀልባው ውስጥ

ቁልቁለቱ በፈረስ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ውብ ነው፤ በጽድና በአስታ መካከል የምታልፍ ቀጭን መንገድ፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ የሚዘል ጉሬዛ፣ የተቃጠለ እንጨትና የእርጥብ አፈር ሽታ። ልጆቼ ጉሬዛ ባዩ ቁጥር ይጮሃሉ። እኔ ግን ዞር ዞር እያልኩ አፋፉን እፈልጋለሁ። የአባቴ ጋቢ ለጥቂት ጊዜ ታየኝ፤ የሩዝ ፍሬ አከለች፤ ከዚያ መንገዱ ታጠፈና ጠፋች።

ነገሩ የገባኝ ጀልባው ላይ ነው። ጀልባ ቀዛፊው ከዳር ለቆ ወደ መሀል ሲገባ ድምፅ ሁሉ ቀረ። ትንሹ ልጄ እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ ጣቶቹን ዘርግቶ በጣቶቹ መካከል የሚያልፈውን ውኃ ያያል፤ ከመቅዘፊያው ጫፍ ጠብታው ሲወድቅ ይሰማል። ጠዋት ከተነሣን ጀምሮ ምንም የማደርገው ነገር ያልነበረኝ የመጀመሪያዋ ቅጽበት እርሷ ነበረች። «ደርሻለሁ» የምትለው ቃል ከዚህ በፊት የት እንደሰማኋት ትዝ ያለኝም ያኔ ነው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ስልክ አልነበረም። ስልክ ያላቸው ጎረቤታችን እትዬ ነበሩ። አባቴ አሰብ በደረሱ ቀን በእርሳቸው ቤት ይደውላሉ። እትዬ በአጥሩ ላይ ይጣራሉ፤ እናቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል ትሮጣለች፤ እኔም እግር እግሯን እሮጣለሁ። ከሩቅ አገር መደወል ውድ ስለነበር አባቴ ብዙ አይናገሩም። እናቴ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «አቤት» ትላለች፤ ከዚያ ፊቷ ይፈታል። ቤት ስንመለስ «ምን አለ?» ስላት «ደርሻለሁ አለ» ትለኛለች። በዚያ ሌሊት እናቴ ትተኛለች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስትና አራት ሌሊቶች ግን በራፉ ኮሽ ባለ ቁጥር ስትነሣ እሰማት ነበር። ያን ጊዜ በሚሌ ቁልቁለትና በኤሊዳር በረሃ ስንት ተሳቢ እንደሚገለበጥ እርሷ ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም።

«ደርሻለሁ» በእኛ ቤት ማለት ይህ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ከእንግዲህ እንቅልፍ ይቻላል ማለት ነው። አባቴ ያንን ቃል ለዓመታት የሚናገሩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ አፋፉ ላይ ሰማሁትና እንደ እንቢታ ቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በፍጥነት ነው ያለፍኩት። ቂርቆስን ተሳለምን፤ ልጆቹ ማር ቀመሱ። ምሳውን ስንበላ ቀና ብዬ ሳይ አፋፉ የለም። ጉሙ ከጀርባው መጥቶ የገደሉን ከንፈር ውጦታል፤ እንደ ወተት እየፈሰሰ ወደ ደኑ ይወርዳል። ወጣ ያለ ብርድ መታኝ። አባቴ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ደም ግፊት ያለባቸው ሰው ናቸው። እኔ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ላይ ዛፍ ሥር ትቻቸው ወርጃለሁ። ፍል ውኃውን ተውነው። የፈረሱ ባለቤት «ሽቅቡ ላይ አታስሩጧቸው፤ አየሩ ቀጭን ነው፣ ፈረሱም ይደክመዋል» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ የፈረሱ አንገት በላብ ርሶ ጭስ ይወጣው ነበር። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ትንፋሼ እየተቆረጠ፣ በየሃያ እርምጃው እየቆምኩ።

ጉሙ ሲነሣ

አባቴ እዚያችው ኮሶ ሥር ነበሩ። ብቻቸውን ግን አልነበሩም። ባለ በቅሎው ወጣት እሳት አንድዶላቸው፣ ሌሎች ሁለት ፈረስ ጠባቂዎች አብረው ተቀምጠው፣ በመካከላቸው በጨርቅ ላይ ገብስ ቆሎ ተዘርግቷል። አባቴ ዓይናቸው ቀልቷል። ከጭሱ ይሆናል ብዬ ነበር።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ምንም አላሉኝም። ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉ። ቀጥሎ ስለ ጉሙ ነገሩኝ። ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ሄደ አሉ። በመጀመሪያው ሐይቁን ብቻ ሸፈነው፤ በሁለተኛው ደሴቲቱ ብቻዋን ቀረች፤ በሦስተኛው የራሳቸውን ጫማ እንኳ ማየት አቃታቸው። «ጉሙ ሲመጣ ወፎቹ ዝም ይላሉ፤ ሊነሣ ሲል ደግሞ ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ፤ መጮህ ይጀምራሉ» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት መንገድ ያዩ ሰው ናቸውና የሚናገሩት ነገር ሁሉ ልክ ነበረው፤ ከየት ወገን እንደመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ነፋሱ መቼ እንደዞረ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «እስከ ዛሬ ሰው ሲያጽናናኝ ነበር። እናትሽን ያለቀስኳት ዛሬ ነው።»

የምመልሰው አላገኘሁም። በለቅሶው ሰሞን አባቴ ከድንኳኑ በር ላይ ቆመው የመጣውን ሁሉ ሲቀበሉ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ለሚላቸው «አሜን» ሲሉ፣ ለሩቅ አገር እንግዳ ማደሪያ ሲያዘጋጁ አይቻለሁ። እዝናችን ደግ ነው፤ ሰውን ብቻውን አይተወውም፤ እኔም ይህን ደግነት እወደዋለሁ። ነገር ግን ስምንት ወር ሙሉ ለአንድ ሰዓት ያህል እንኳ የራሳቸው ሐዘን ባለቤት አልነበሩም። እኔ ደግሞ እዝነኛው ሲበተን በሬዲዮና በሠርግ፣ በመጨረሻም በደብተር ተካሁት።

ባለቤቴና ልጆቹ ሲደርሱ ጉሙ ለአራተኛ ጊዜ እየመጣ ነበር። ልጆቹ አያታቸው ሥር ገቡ። ማንም ሰዓት አልጠየቀም። እኛ እዚያ ተቀምጠን ሐይቁ ሲሸፈንና ሲገለጥ አየን፤ ወሊሶ የገባነው ከመሸ በኋላ ነው። የማግስቱን ፕሮግራም አላነበብኩትም።

ዘንድሮ

ከዚያ ወዲህ ወንጪ ብዙ ተለውጧል። እኛ በሄድንበት ዓመት ማብቂያ ላይ «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር እንዲለማ ተመረጠ፤ በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ቆጠረው፤ በ2016 ዓ.ም. አዲሱ ማረፊያ ተመረቀ። አሁን ለሚያቅድ ሰው ምርጫው ብዙ ነው፤ ምርጫ ሲበዛ ደግሞ ደብተሩን የመሙላት ፈተናም ይበዛል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ከሌላ ጫፍ ጀመርኩ። ከቦታው በፊት፣ ከሚሄዱት ሰዎች እያንዳንዱ የደከመው ምኑ እንደሆነ ጠየቅሁ። ባለቤቴ ጆሮው ነው የደከመው፤ የሚሠራበት ቦታ ጄኔሬተር ሲጮህ ይውላል። ትልቁ ልጄ ፈተና ጨርሶ መጮህና መሮጥ ይፈልጋል። እኔ የደከመኝ መወሰን ነው፤ ምን ይበላ፣ ማን ይክፈል፣ መቼ እንነሣ የሚለው። ስለዚህ ምግቡን ባለቤቴ፣ የመነሻ ሰዓቱን አባቴ እንዲወስኑ አደረግን። አባቴ «ስንነቃ» አሉ።

ስለ ከፍታውም አሁን ጠንቀቅ ብያለሁ። የእኛ ሰፈር ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ ከፍታ የማይነካን ይመስለናል፤ ነገር ግን ሐይቁ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አፋፉ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ዕድሜ ለገፋና ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አባቴ በመጀመሪያ ሐኪማቸውን አማከሩ። የመጀመሪያዋን ሌሊት 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ወሊሶ እናድርና በማግስቱ ቀስ ብለን እንወጣለን። ለጉልበት ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይብሳል፤ ሐይቁ ድረስ የሚወርድ ሰው የሚመለስበትን ኃይል አስቀርቶ መውረድ አለበት። ወሩን ጥቅምት ያደረግነው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ስለሚደርቅ፣ ደኑም ገና የጠገበ ስለሆነ ነው፤ ብርዱ ግን አለ። አባቴ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለው ሥጋው እንዳይቀር አሳስበዋል፤ ስለዚህ ቀኑ ረቡዕና ዓርብ ላይ እንዳይውል አድርጌያለሁ። የምንመለሰው ሰኞ ጠዋት ነው። እሑድ ማታ በሰበታ በኩል ወደ ከተማ የሚገባው መኪና የሰበሰቡትን ጸጥታ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ለዚህ ስል አንድ ቀን ፈቃድ መውሰዱ አይቆጨኝም።

ተፍኪ ላይ እንቆማለን። ያኔ «ስንመለስ» ያልኳቸው ሜዳ ማታ ስናልፍበት ጨለማ ነበር፤ አላየነውም።

የቀሩት ሁለት ቀናት በአዲሱ ደብተር ላይ ባዶ ናቸው። ባዶ ገጽ ዛሬም ያስፈራኛል፤ እጄ እስክሪብቶውን ያነሣል። ልጆቹ ጀልባ ይሳፈራሉ፣ ባለቤቴም አብሯቸው ይሆናል፤ ይህን ግን ሰዓት አልሰጠሁትም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ አባቴ በረንዳቸው ላይ ሳሉ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ወጨጫ ላይ የመጨረሻው ብርሃን ነበር። ስለ ጉዞው ምንም ሳልናገር «ያቺ ኮሶ ትኖር ይሆን?» አሉኝ። አዲስ መንገድ ወጥቷል፣ ተቆርጣ ይሆናል፣ አላውቅም አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ።

«እንግዲያውስ ወንበር ያዢ» አሉ። ቀጥለውም፣ ወደ ተራራው እያዩ፣ «ሁለት» አሉኝ።